ደሜ ላይ ኤች ፓይሎሪ አሁንም «ፖዘቲቭ» ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ መድኃኒት ልጀምር?

ሜላት

ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩ ስላሰለቸኝ ምክራችሁን ፈልጌ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት ጨጓራዬን ያቃጥለኝ ጀመር። ልክ ከደረቴ አጥንት ሥር። ሲርበኝ ይብሳል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። የደም ምርመራ ታዘዘልኝና ኤች ፓይሎሪ የሚባል የጨጓራ ባክቴሪያ አለብሽ ተባልኩ። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ለ7 ቀን ዋጥኩ። አፌ ሳንቲም ሳንቲም ይለኝ ነበር፤ እንደምንም ጨረስኩት። ደህናም ሆንኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ተመለሰብኝ። ደም ሰጠሁ፣ ፖዘቲቭ። ያንኑ መድኃኒት ደገምኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ ቦታ ሄድኩ። ያው ደም፣ ያው ፖዘቲቭ፣ ያው ሦስት መድኃኒት። ማዘዣው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ እስካሁን አልገዛሁትም።

34 ዓመቴ ነው። አልከሳሁም፣ ደምም አላስታወከኝም። ሲብስብኝ አሲድ መቀነሻውን ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። ራሴን ሲያመኝ ከምውጣት ኪኒን በቀር ሌላ መድኃኒት የለኝም። ይሄ ባክቴሪያ የማይጠፋ ነገር ነው? ወይስ እየተመላለሰ ነው የሚይዘኝ?

ናትናኤል

አይዞሽ እህቴ። እኔንም ሁለቴ ፖዘቲቭ ብሎኝ ሦስተኛው ላይ ነው የለቀቀኝ። ቶሎ ጀምሪና ተገላገዪ። ማሰብ ማብዛቱ ራሱ ጨጓራ ያስነሳል።

ዶ/ር ዮናስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ሜላት፣ ማዘዣውን ለጊዜው ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው። ናትናኤል፣ በቅንነት እንደመከርክ ይገባኛል፤ እዚህ ላይ ግን አልስማማም።

ችግሩ ያለው ምርመራው ላይ ሊሆን ይችላል። የደም ምርመራው ባክቴሪያውን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነትሽ ባክቴሪያውን ለመዋጋት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ሌባ ከግቢ ከወጣ በኋላም ዱካው ይቀራል አይደል? እንደዚያ ነው። ባክቴሪያው ጠፍቶም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደም ውስጥ ይቆያል። አንድ ጊዜ ለታከመ ሰው የደም ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ ማለት «አንድ ወቅት ይዞሽ ነበር» ከማለት አያልፍም። መመሪያዎቹም መድኃኒቱ መሥራት አለመሥራቱን በደም አታጣሩ የሚሉት ለዚህ ነው።

አሁን መኖር አለመኖሩን የሚናገሩት የትንፋሽ ምርመራና የሰገራ አንቲጅን ምርመራ (የባክቴሪያውን ቁራጭ ሰገራ ውስጥ የሚፈልገው) ናቸው። ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብቶ ጨጓራን ማየት) ከተሠራ ደግሞ ከጨጓራው ግድግዳ የሚወሰደው ናሙና።

የትንፋሹን ላስረዳሽ፣ ሁሌም የሚገርመኝ ነገር ነው። ኤች ፓይሎሪ ዩሪየስ የሚባል ኢንዛይም አለው። በዚህ ኢንዛይም ዩሪያን እየሰባበረ አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። አሞኒያው በዙሪያው ያለውን አሲድ ያበርድለታል፤ ጨጓራን በሚያህል የአሲድ ጉድጓድ ውስጥ መኖር የቻለው በዚህ ነው። ተመራማሪዎች ይህንኑ የሚኖርበትን ዘዴ መያዣው አደረጉት። ምልክት የተደረገበት ካርቦን ያለው ዩሪያ ትጠጫለሽ። ብዙ ጊዜ ካርቦን 13 ነው፣ ጨረር የለውም። ከመጠጣትሽ በፊትና ከጠጣሽ ከተወሰኑ ደቂቃዎች በኋላ ከረጢት ውስጥ ትተነፍሻለሽ። ባክቴሪያው ካለ ያ ካርቦን በትንፋሽሽ ይወጣል። ከሌለ ዩሪያውን የሚሰብረው አይኖርም።

አንድ ትልቅ ማስጠንቀቂያ አለው። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹን ምርመራው ሳይደርስ 2 ሳምንት ማቆም ያስፈልጋል። አንቲባዮቲክንና ቢስመዝ የሚባለውን የጨጓራ መድኃኒት ደግሞ 4 ሳምንት። እነሱ ባክቴሪያውን ስለሚያዳክሙት እያለ «የለም» ያሰኛሉ። በየቀኑ የማየው ስህተት ነው። ሰውየው ጠዋት ኦሜፕራዞሉን ውጦ ይመጣል፣ ውጤቱ ነጌቲቭ ይወጣል፣ ደስ ብሎት ይሄዳል።

ብሌን (ፋርማሲስት)

ዶክተር የተናገረው ላይ ሁለት ነገር ልጨምር።

አንደኛ፣ ባክቴሪያው ቢገኝ እንኳን ያንኑ መድኃኒት መድገም አይመከርም። አፍሽ ሳንቲም ሳንቲም ማለቱ ክላሪትሮማይሲን ወይም ሜትሮኒዳዞል ለሚወስድ ሰው የተለመደ ነው። ክላሪትሮማይሲን ያለበት ሕክምና አንድ ጊዜ ካልሠራ፣ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የለመደ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። 7 ቀንም አሁን እንደ አጭር ነው የሚታየው። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ለመጀመሪያ ሕክምና ያስቀደመው የ14 ቀኑን ባለ አራት መድኃኒት ነው። አሲድ መቀነሻ፣ ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊንና ሜትሮኒዳዞል። ብዙ ኪኒን ነው፣ አልዋሽሽም። ሕክምናው ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ ደግሞ መጥፋቱን በትንፋሽ ወይም በሰገራ ማረጋገጥ ግድ ነው። ያንቺ አንድም ጊዜ አልተረጋገጠም።

ሁለተኛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለራስ ምታት የምትውጪው ኪኒን ስሙ ማን ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ?

ሜላት

ኢቡፕሮፌን ነው፣ ባለ 400። ማይግሬን አለብኝ። በሳምንት ሦስት አራት ቀን እወስዳለሁ። ሲጀምረኝ ቶሎ ካልዋጥኩ ስለሚብስ ብዙ ጊዜ በባዶ ሆዴ ነው። እውነቱን ለመናገር መድኃኒት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም። ያየኝ ሐኪም ሁሉ «ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ?» ሲለኝ «አይ» ነበር የምለው።

ብሌን (ፋርማሲስት)

ይህን ስለጻፍሽው በጣም ደስ አለኝ ሜላት። ለጨጓራና ለትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት ሁለቱ ዋነኛ ምክንያቶች ኤች ፓይሎሪና እንዲህ ያሉ ማስታገሻዎች ናቸው። ኢቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ፣ አስፕሪን፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ነው የሚሠሩት። ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያስቀንሳሉ። ሕመሙ የሚበርደው በዚያ ነው። ግን ጨጓራም የራሱን ግድግዳ ከአሲድ የሚከላከልበትን ንፋጭ የሚያመርተው በፕሮስታግላንዲን ነው። ስለዚህ ጉዳቱ ኪኒኑ ጨጓራ ላይ ስላረፈ ብቻ የሚመጣ አይደለም። በመርፌ ቢሰጥም ጨጓራን ሊያቆስል ይችላል። ባክቴሪያውና ማስታገሻው ሲገናኙ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል።

ማይግሬንሽን ችላ በዪ አላልኩም። በሳምንት ሦስት አራቴ የሚመጣ ማይግሬን ራሱን የቻለ ሕክምና ይፈልጋል። እንዳይመጣ የሚከላከሉ መድኃኒቶች አሉ። ለሐኪምሽ ሁለቱንም አብረሽ ንገሪ።

ጋሽ ታምራት

ልጆቼ፣ ስታወሩ እያነበብኩ ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። በወጣትነታችን ጨጓራ የሐሳብ በሽታ ነው ይባል ነበር። ወንድሜን ተናዳጅ ስለሆንክ ነው እያሉት ኖረ። ወተት በየሰዓቱ ጠጣ አሉት፣ ጠጣ። በመጨረሻ የጨጓራውን ግማሽ ቆርጠው አወጡለት። ከዚያ በኋላ አንድ ሰሐን ምግብ ጨርሶ አያውቅም፤ ጥቂት ጎርሶ ላብ በላብ ይሆናል። እናንተ እንደምትሉት ባክቴሪያ ከነበረ ያ ሁሉ ለምን ሆነ? ማን ነው ያገኘው? መቼስ ነው?

ሰሎሞን (የሕክምና ምርምር ባለሙያ)

ጋሽ ታምራት፣ ጥያቄዎ ሰፊ መልስ ይገባዋል። ወንድምዎ የደረሰባቸው በዘመኑ በመላው ዓለም የነበረ ሕክምና ነው። የወተቱ ነገር ሲፒ ከተባለ የቺካጎ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ ተስፋፍቶ ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል።

ባክቴሪያውን ያገኙት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ናቸው፣ አውስትራሊያ ውስጥ ፐርዝ ከተማ። ዋረን የናሙና መርማሪ ነበር። በ1979 ከተቆጡ ጨጓራዎች በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ማየት ጀመረ። አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ አይኖርም ተብሎ ስለሚታመን የሚሰማው አላገኘም። በኋላ ወጣቱ ማርሻል ተቀላቀለው። ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማብቀል ከ30 በላይ ናሙና ሞከሩ፣ እምቢ አለ። ሳህኖቹ ከሁለት ቀን በኋላ ይጣሉ ነበር። በ1982 የፋሲካ በዓል መጣና ሰው ስላልነበረ አንዱ ሳህን ሳይጣል ቀናት ቆየ። ሲመለሱ በቅሎ አገኙት። ቀስ ብሎ የሚያድግ ፍጡር ነበር፣ ቀደም ሲል ጊዜ አልሰጡትም።

በ1984 ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። ከቀናት በኋላ ማቅለሽለሽና ማስታወክ ጀመረው። ኢንዶስኮፒ ሲደረግለት ጨጓራው ተቆጥቶ ተገኘ። ሁለቱም በ2005 የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ያውቀዋል። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው ብዙ የማይነገረውን ክፍል ነው። ማርሻል ቁስለት አልያዘውም፣ የያዘው መቆጣት ነው። አንድ ሰው በራሱ ላይ ያደረገው ሙከራ ባክቴሪያውን ማጥፋት ቁስለትን እንደሚፈውስ ሊያረጋግጥ አይችልም። ያንን ያረጋገጡት በዕጣ የተከፋፈሉ ሙከራዎች ናቸው። አንዱን ልጥቀስ፣ ቪየና ውስጥ ተሠርቶ በ1993 የታተመ። የትንሹ አንጀት መነሻ ቁስለት እየተመላለሰ የሚያሠቃያቸው 104 ሰዎች ነበሩ። ሁሉም አሲድ መቀነሻ ተሰጣቸው። ግማሾቹ በተጨማሪ አንቲባዮቲክ፣ ግማሾቹ ደግሞ ፕላሲቦ፣ ማለትም መልኩ አንድ ሆኖ ውስጡ መድኃኒት የሌለው ኪኒን። በአንድ ዓመት ውስጥ አንቲባዮቲክ ከወሰዱት 50 ሰዎች ቁስለቱ የተመለሰባቸው 4 ብቻ ናቸው። ፕላሲቦ ከወሰዱት 49 ሰዎች 42ቱ ላይ ተመለሰ።

ፕላሲቦ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ካለ ደግሞ የጨጓራ ማቀዝቀዣውን ታሪክ ይስማ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ዋንገንስቲን የተባለ ዝነኛ ቀዶ ሐኪም ለቁስለት አዲስ ሕክምና አመጣ። በሽተኛው ፊኛ ይውጣል፣ ፊኛው ውስጥ እጅግ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይሽከረከራል፣ ጨጓራው ይቀዘቅዛል፣ አሲዱ ይቀንሳል ተባለ። ብዙ በሽተኞች ተሻለን አሉ። መሣሪያው በየሆስፒታሉ ተገዛ። በኋላ 160 በሽተኞች በዕጣ ተከፈሉ። ለአንዱ ወገን እውነተኛው ማቀዝቀዝ ተደረገ። ሌላው ወገን ያንኑ ፊኛ ዋጠ፣ ጨጓራው ግን እንዳይቀዘቅዝ ተደረገ። በ1969 ውጤቱ ታተመ። ልዩነት አልነበረም። ያልቀዘቀዙትም ተሻለን ብለው ነበር።

ናትናኤል፣ «ሦስተኛው ላይ ለቀቀኝ» ያልከውን የማነሳው ለዚህ ነው። መሻልህን አምናለሁ። ሆኖም የጨጓራ ሕመም በራሱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ሰው መድኃኒት የሚጀምረው በጣም ሲብስበት ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ብዙውን ጊዜ መቀነሱ አይቀርም። መድኃኒቱ ይሁን ጊዜው ያሻለህ አንተ ብቻህን ልትለየው አትችልም። እኔም አልችልም።

ናትናኤል

እሺ፣ ተቀብያለሁ። ሦስቴም በደም ነበር የመረመሩኝ። የመጨረሻው ላይ ነጌቲቭ ያለኝ ምርመራ ሳይሆን እኔው ነኝ፤ ስለተሻለኝ ተመልሼ አልተመረመርኩም።

ሄኖክ

የኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ትንፋሽ ነጌቲቭ፣ ኢንዶስኮፒ ንጹሕ። «ምንም የለህም» ብለው ሸኙኝ። ሆዴ ግን ከእምብርቴ በታች ይቆርጠኛል፣ ይነፋኛል። አንዳንድ ቀን ሦስት አራቴ ተቅማጥ፣ አንዳንድ ሳምንት ድርቀት። ከተጸዳዳሁ ቀለል ይለኛል። ከቤት ሳልወጣ በፊት ሽንት ቤት የት እንዳለ ነው የማስበው። «ምንም የለህም» የምትለዋ ቃል ከሕመሙ በላይ ነው ያመመችኝ። ውሸታም የሆንኩ ያህል ተሰማኝ።

ዶ/ር ዮናስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ሄኖክ፣ በሙያዬ ስም ይቅርታ። ያ ቃል መነገር የለበትም። ኢንዶስኮፒ የግድግዳውን መልክ ያያል፤ አንጀት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ፣ ነርቮቹ ምን ያህል እንደሚሰማቸው አያይም።

የገለጽከው አይ ቢ ኤስ የሚባለውን (የአንጀት አሠራር መዛባት) ይመስላል። በአንድ ምርመራ የሚታይ ሳይሆን በመስፈርት የሚለይ ነው። ሮም 4 የተባለው የእ.ኤ.አ. 2016 መስፈርት የሚከተለውን ይጠይቃል። የሆድ ሕመሙ ባለፉት 3 ወራት በአማካይ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ይኖራል። ከተጀመረ ደግሞ 6 ወር ሞልቶታል። ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር ይያያዛል፣ ወይም የመጸዳዳት ድግግሞሽ ይለዋወጣል፣ ወይም የሰገራ መልክ ይለዋወጣል፤ ከሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መኖር አለባቸው።

ከዚያ በፊት ግን ሌላ በሽታ አለመሆኑ ይጣራል። ክብደት ቀንሷል? ሰገራ ላይ ደም አለ? ደም ማነስ? ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ? ቤተሰብ ውስጥ የአንጀት ካንሰር? ከነዚህ አንዱ ካለ መንገዱ ሌላ ነው። ከሌለ ሁለት ቀላል ምርመራ ጠይቅ። ሰገራ ውስጥ ካልፕሮቴክቲን የሚባል ፕሮቲን ይለካል፤ አንጀት ሲቆጣ ከነጭ የደም ሴሎች የሚወጣ ነው። ዝቅ ካለ እንደ ክሮንስ ያለ የአንጀት ብግነት የመሆኑ ዕድል በጣም ይቀንሳል። ሌላው የሴሊያክ፣ ማለትም ስንዴ አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ የደም ምርመራ ነው።

ሰሎሞን (የሕክምና ምርምር ባለሙያ)

ሄኖክ፣ በአይ ቢ ኤስ ላይ ምርምር ቆሟል እንዳይመስልህ። እንግሊዝ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አትላንቲስ የተባለ ሙከራ አለ። 463 ሰዎች በዕጣ አሚትሪፕቲሊን ወይም ፕላሲቦ ለ6 ወር ወሰዱ። አሚትሪፕቲሊን የቆየ የድብርት መድኃኒት ነው፤ እዚህ ግን የተሰጠው ለድብርት ከሚሰጠው በጣም ባነሰ መጠን፣ ማታ ማታ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ነው። ከፕላሲቦው በግልጽ በለጠ። «የድብርት መድኃኒት ሰጡኝ፣ በሽታው ጭንቅላትህ ውስጥ ነው ማለታቸው ነው» ብሎ የሚያኮርፍ ሰው አውቃለሁ። እንደዚያ አይደለም። የአንጀትን የሕመም ነርቮች ለማብረድ ነው።

የሚያስደንቀኝ ሌላ ጥናት አለ፣ የእ.ኤ.አ. 2010። 80 የአይ ቢ ኤስ ታካሚዎች ነበሩ። ለግማሾቹ ፕላሲቦ ሲሰጣቸው አልተደበቀም፤ «ይሄ ኪኒን ውስጡ መድኃኒት የለውም» ተባሉ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከነሱ 59 በመቶው በቂ ዕረፍት አገኘን አሉ። ምንም ካልተሰጣቸው ደግሞ 35 በመቶው። በሽታው የፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ባዶ ኪኒንም ቢሆን ከማስረዳትና ከክትትል ጋር ሲሰጥ ሥራ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። አንተን «ምንም የለህም» ብሎ የሸኘህ ሰው ይህን ነው የነፈገህ።

ራሔል

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ኦሜፕራዞል ኩላሊት ያበላሻል፣ የመርሳት በሽታም ያመጣል ሲባል ሰምቼ በአንድ ቀን አቆምኩት። ሳምንት ሳይሞላ ቃሩ ከበፊቱ ብሶ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ያለ እሱ መኖር አልችልም ማለት ነው?

ዶ/ር ዮናስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ራሔል፣ ጥሩ ሰዓት ነው የመጣሽው። ሜላትም ለምርመራው ስታቆም ይህ ይገጥማታልና።

አሲዱ ለረጅም ጊዜ ሲታፈን ሰውነት ማካካሻ ያደርጋል። መድኃኒቱ ድንገት ሲቆም አሲዱ ከበፊቱ በልጦ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ይህን በጤነኞች ላይ አሳይቷል። 120 ምንም የጨጓራ ችግር ያልነበራቸው ሰዎች ናቸው። ለ8 ሳምንት የኦሜፕራዞል ወገን የሆነውን ኢሶሜፕራዞል ከወሰዱት 44 በመቶው ካቆሙ በኋላ ቃርና መሰል ስሜት ጀመራቸው። ፕላሲቦ ላይ ከነበሩት 15 በመቶው ብቻ። ስለዚህ ያ ሳምንት በሽታሽ ባሰ የሚል ማስረጃ አይደለም። ረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሆኖ ቀስ እያለ ቢቀንስ ይሻለዋል።

የኩላሊቱና የመርሳቱ ወሬ የመጣው ከክትትል ጥናቶች ነው። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው መጀመሪያውኑ ብዙ ሕመም ያለበት ሊሆን ስለሚችል፣ በነዚያ ጥናቶች ጥፋቱን ለመድኃኒቱ መስጠት ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ትልቅ ሙከራ ግን ለ17,598 ሰዎች በዕጣ ፓንቶፕራዞል (እሱም የኦሜፕራዞል ወገን ነው) ወይም ፕላሲቦ ሰጥቶ ለ3 ዓመት ያህል ተከታትሏል። ከፍ ብሎ የተገኘው የአንጀት ኢንፌክሽን ብቻ ነው፤ 1.4 በመቶ በ1.0 በመቶ። ይህ ማለት ያለ ምክንያት ለዓመታት ዋጡት ማለት አይደለም። የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በፍርሃት እንዳያቆሙት ነው የምለው። አወሳሰዱም ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ጠግበው የሚወስዱት ብዙዎች ናቸው፣ ከዚያ «አልሠራልኝም» ይላሉ።

ሜላት (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ኦሜፕራዞል ያቆምኩባቸው 14 ቀናት ረጅም ነበሩ። ራሔል ያለችው ቃር አምስተኛው ቀን ላይ መጣ። ዶ/ር ዮናስ የጻፈውን ደጋግሜ እያነበብኩ አለፍኩት።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። በባዶ ሆዴ አንዷን ከረጢት ነፋሁ፣ ትንሽ ጎምዘዝ ያለ ፈሳሽ ጠጣሁ፣ ግማሽ ሰዓት ወንበር ላይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ፣ ሁለተኛዋን ነፋሁ። ውጤቱ ነጌቲቭ። ባክቴሪያው የለም።

አዲሷ ሐኪሜ ስለ ኢቡፕሮፌኑ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ስንት ዓመት?» አለችኝ። ስድስት ዓመት አልኳት። ኢንዶስኮፒ አዘዘች። ጨጓራዬ መውጫ አካባቢ ትንንሽ መላላጦች ተገኙ። ናሙናውም ባክቴሪያ የለበትም። አሁን ኢቡፕሮፌን አቁሜ ማይግሬኑን የሚከላከል መድኃኒት ጀምሬያለሁ። ኦሜፕራዞል ደግሞ ለ8 ሳምንት፣ በሥርዓቱ፣ ከቁርስ በፊት።

ብሌን፣ ያንን ጥያቄ ባትጠይቂኝ ሦስተኛውን ዙር እየዋጥኩ ነበር። ሄኖክ፣ አንተስ ምን ደረስክ?

ሄኖክ

እንኳን ደስ አለሽ። የኔ ካልፕሮቴክቲን ዝቅተኛ ነው። አይ ቢ ኤስ ነው ተባልኩ፣ ስም ስላገኘሁለት ብቻ ትከሻዬ ቀለለኝ። የሴሊያኩም ነጌቲቭ ነው። ስንዴ ከተውኩ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ ትንሽ የሚሻለኝ ስለመሰለኝ ነው።

ዶ/ር ዮናስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

ሄኖክ፣ ደሙን የሰጠኸው ስንዴ ካቆምክ በኋላ ነው?

ሄኖክ

አዎ።

ዶ/ር ዮናስ (የውስጥ ደዌ ሐኪም)

እንግዲያው ያ ውጤት አይታመንም። ሴሊያክ ያለበት ሰው አንቲቦዲውን የሚሠራው በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባበት ነው። ሲያቆም ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ምርመራውም ነጌቲቭ ይላል። ለሐኪምህ ንገረው። ከተስማማ ቢያንስ ለ6 ሳምንት በየቀኑ ከአንድ በላይ ማዕድ ላይ ስንዴ በልተህ ደሙ ይደገም። ሳትችለው ቀርተህ በጣም ካመመህም አትታገል፣ ደውልለት።

ሄኖክ

ማንም አልነገረኝም ነበር። ነገ ጠዋት ዳቦ እገዛለሁ።